ምን ይዟችሁ ነው?

ታላቅ ወንድሙ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ስለ ብርዱ ተናገረ።

«ሰው እንዳይበላሽ ነው እንዴ እንዲህ የሚያቀዘቅዙት?»

ታናሹ ሳቀ። ሚስቱም ፈገግ አለች። ወንድምየው ማሞቂያው አጠገብ ያለውን ወንበር ቀድሞ ያዘ።

የመጣው መሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና ልኮት ነው። እግረ መንገዱን ግን ሌላ ጉዳይ ይዟል። አገር ቤት አንድ ኮሌጅ የውሃ መሐንዲስ ይፈልጋል። ታናሽ ወንድሙ እዚሁ ውጭ አገር ውሃ ምህንድስና ተምሮ ተመርቋል። ቦታው ተይዞለታል፤ ቤትም ይሰጠዋል። መልሱ የሚፈለገው ወንድምየው ከመመለሱ በፊት ነው።

«አልመጣም፣ ጋሼ፤» አለ ታናሹ። «የመኖሪያ ፈቃዱን እየጠበቅን ነው። ዲግሪው ተቆጥሮልኛል፤ የቋንቋ ፈተናውን አልፈናል፤ በሙያዬ መሥራት ያለብኝ ጊዜም ሞልቷል። የቀረው ውሳኔው ብቻ ነው።»

«ቢወጣስ ምን ታገኛለህ?»

«ሕክምና ነጻ ነው። ጡረታ አለ። ቤት መግዛት ይቻላል። ሥራ ብታጣ እንኳ ማንም ውጣ አይልህም።» እንደ ተሸመደደ ትምህርት ነበር የሚያወርደው።

ወንድምየው ዙሪያውን አየ። ቤቱ አንድ ክፍልና ማዕድ ቤት ነው። የጣሪያው ጥግ ሻግቷል። ሰፈሩ ከከተማው ዳር፣ አውቶቡሱ ዞሮ ከሚመለስበት አልፎ ነው። መሐንዲሱ የሚውለው ፓምፕ ሲጠግን፣ ሚስቱ የሆቴል አንሶላ ስታጥብ።

«ትልቁ ከተማ ያለ ድርጅት እጥፍ ደመወዝ ሰጥቶህ እምቢ አልክ አሉ። እዚያ ብትሄድ ፈቃዱም ቶሎ ይወጣልህ ነበር አሉ።»

«ማን አለህ?»

«አብሮህ የተማረው ነው። እውነት ነው ውሸት?»

ታናሹ ወደ ሚስቱ ተመለከተ። «እሷ ሰፈሩን ለምዳዋለች።»

ወንድምየው ይህችን ቃል ያዛት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የበሩ ድምፅ ቀሰቀሰው። ሚስትየው እየወጣች ነበር። ውጭ ይዘንባል። ስትመለስ ጫማዋ ጭቃ ይዟል፤ ጥፍሯ ውስጥ አፈር ገብቷል፤ ዓይኗ ቀልቷል። ታጠበችና ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ቁርስ አቀረበች። በሚቀጥለውም ጠዋት እንዲሁ ሆነ።

ወንድምየው ታናሹን በር ላይ ያዘው።

«ሚስትህ በጠዋት የት ነው የምትሄደው?»

«በእግሯ መሄድ ትወዳለች።»

«በዚህ ዶፍ? አታሞኘኝ እንጂ!»

«ጋሼ፣ ተወው።»

«እኔ አልተወውም። እዚህ ሰፈር የያዛት ሰው አለ። አንተም ታውቃለህ።»

ታናሹ አልካደም። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ቀጠለ።

ራት ላይ ወንድምየው ለእናታቸው ደወለ። «ደህና ናቸው፣ እማዬ፤ ወፍረዋል፤» ብሎ ዋሸላቸው። ስልኩን ዘግቶ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ልቧ ክፉ ወሬ አይችልም። ምንም ቢመጣ እሷ ጆሮ እንዳይደርስ ብለን ተስማምተን የለ?»

«አንተ እንዳታወራ ነው እንጂ እኛማ አናወራም፤» አለ ታናሹ። «አፍህ ወንፊት ነው፣ ጋሼ።»

ወንድምየው ሳቀ። ውሸት አልነበረም። ለእሱ የተነገረ ነገር ሳይመሽ እናቱ ዘንድ ይደርሳል። ሳቁን ሳይጨርስ ግን ወደ ሚስትየው ዞረ።

«እማዬ በታመመችበት ክረምት ስልክ እንኳ አታነሡም ነበር። ልጇን ያስቀረሽባት አንቺ ነሽ፣ እታለም። እስቲ ንገሪኝ፤ ልጅ የላችሁ፣ መሬት የላችሁ፣ እዚህ ምን ይዟችሁ ነው?»

ሚስትየው ሳህኖቹን አንስታ ወደ ማዕድ ቤት ገባች። ቧንቧው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ተሰማ።

«ሁለተኛ እንዲህ እንዳትላት፤» አለ ታናሹ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለው። ወንድምየው ግን ደንገጥ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

ውሳኔው የመጣው ወንድምየው ሻንጣውን ሲዘጋ ነበር። ጉዳያቸውን የያዘው አማካሪ ደወለ፤ ድምፁ ከስልኩ አልፎ ቤቱን ሞላው።

«ወጣላችሁ! እንኳን ደስ አላችሁ! ከዛሬ ጀምሮ ነዋሪዎች ናችሁ። የፈለጋችሁበት ከተማ ሄዳችሁ መሥራት ትችላላችሁ!»

«የትም አንሄድም፤» አለ መሐንዲሱ።

ሚስትየው ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አፏን በሁለት እጇ ይዛ፣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።

«ይኸው፣ የተመኘሽውን አገኘሽ፤» አላት ወንድምየው።

ታክሲው ደረሰ። ታናሹ ሻንጣውን ጫነለት።

«ለእማዬ ምን ልበላት?»

«ደህና ናቸው በላት።»

«ዞሮ ዞሮ አንዲት ሴት ከእናትህ በለጠችብህ።»

«አዎ፣ ጋሼ። በለጠችብኝ።»

ታላቅየው ይህን አልጠበቀም ነበር። መስኮቱን ዘጋ፤ ሳይሰናበት ሄደ።

ባልና ሚስቱ ኮታቸውን ደረቡ። ለማንም አልደወሉም። እጅ ለእጅ ተያይዘው ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ ባለው ኮረኮንች ቁልቁል ወረዱ። አንድ አጥር በር ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ዘበኛ ሚስትየውን ሲያይ ብድግ አለ።

«ወጣላችሁ?»

«ወጣልን።»

ዘበኛው ቀድሟቸው ገባና ከትንሿ ልጃቸው መቃብር ራስጌ «ነዋሪ ቤተሰብ የሌለው መቃብር፤ ይነሳ» የሚለውን ሰሌዳ ነቀለው።