የተቀየረው ፓስዎርድ

ተመላላሽ ሠራተኛዋ ስልኳን ይዛ የሳሎኑ በር ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ ዋይፋዩ እምቢ አለኝ።»

«ፓስዎርዱን ቀይሬዋለሁ። ስልክ ላይ ተጥዶ መዋል ቀረ!»

«ቤይሩት ያለችው ልጄ ድምፅዋ ጠፋብኝ። ዳታ የለኝም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ልሞክራት።»

«አይሆንም አልኩሽ እኮ!»

ሠራተኛዋ ወለሉን ወልውላ፣ የቀረበላትን ምሳ ሳትነካ፣ «ለካ ሰው በአየርም ይሰስታል!» እያለች ወጣች።

በነጋታው ገና ጎህ ሲቀድ፣ አሠሪዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከመርዶ ነጋሪዎቹ ሽማግሌዎች ጋር የሠራተኛዋ በር ላይ ቆመች። የሠራተኛዋ ወንድም ከማንኳኳቱ በፊት ወደ አሠሪዋ ጆሮ ጠጋ አለ።

«ፌስቡክ ላይ የለጠፉትን የልጅቷን ፎቶ አላየችም አይደል?»

«አላየችም» አለች።

አንኳኳ።