የቦንጋው አበባ በድሬዳዋ አየር

እያንዳንዱ ሕንፃ የራሱን አየር ጠባይ እንዲመርጥ ከተፈቀደ ወዲህ፣ ድንኳንና ወንበር ሲያውስ የኖረው የኮንዶሚኒየሙ እድር በየዓመቱ ድምፅ ማሰጠትም ተጨምሮበት ሥራ በዝቶበታል። ዘንድሮ በአንድ ድምፅ ብልጫ የድሬዳዋ ሙቀት አሸነፈ። «ሙቀት ካላገኘ ጉልበቴ አይታጠፍም» እያሉ ሲቀሰቅሱ የከረሙት የስንዱ ጎረቤት ጋሽ ጥላዬ ናቸው። ስንዱም ደረጃውን በቂጣቸው ሲወርዱ አይታ ስለነበር አንጀቷ አልችል ብሎ እጇን አወጣች።

የስንዱን አበባ፣ ኦርኪዷን፣ ያሰበ ግን አልነበረም። ሟች ባሏ ከቦንጋ ጫካ ከበቀለበት ግንድ ጋር አቅፎ ያመጣላት ነው። ጭጋግ የለመደው ቅጠል እንደ ቋንጣ ይኮማተር ጀመር።

አበባ ሻጯ ዘንድ ሄደች።

«እትዬ፣ ያንን ይጣሉት። ለድሬዳዋ አየር የሚስማማ ኦርኪድ አለኝ።»

«ባልሽ ሞቷልና ሌላ አግቢ በይኛ!»

«እንግዲያው ጭጋግ ይፈልጉለት።»

በማግስቱ ስንዱ ፎጣና ሳሙናዋን ይዛ የጋሽ ጥላዬን በር አንኳኳች። ያለ ወትሮው ከዘራቸው ብቅ አሉ።

«ገላዬን ልታጠብ ነበር፣ ጋሼ።»

«ምነው፣ ያንቺ ቤት ውሃ ጠፋ?»

«አልጠፋም። መታጠቢያ ቤቱን ለቦንጋው አበባ ለቀቅኩለት። ቀዝቃዛ ሻወር ሲረጭለት ነው የሚውለው።»

አበባውን ማን እንዳመጣው ጋሽ ጥላዬ ያውቃሉ። አንገታቸውን ደፉ።

«ጉልበትዎስ?» አለች።

«ዛሬ ደረጃውን በእግሬ ወረድኩ» አሉ፣ እንዳፈረ ሰው። ከዚያ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱላት። «በይ ግቢ። እሱንም አይቸኩል፣ ተረጋግቶ ይታጠብ በይው።»