አንድ ጉርሻ ያጣላል

አማካሪዋ እስከ በሩ ሸኘቻትና፣ «ዛሬ ሊያቅለሸልሽሽ ይችላል፤ የገዛ ገላሽም ሊያስጠላሽ ይችላል። ያለ ነገር ነው። ውሃ ጠጪና እረፊ» አለቻት።

እውነቷን ነበር። ታክሲው ውስጥ የወንበሩ ጨርቅ፣ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት የጸጉር ቅባት፣ የራሷ ምራቅ ሳይቀር አስጠላት። እጇን በሻርፗ ደጋግማ ጠረገች። አሥራ አራት ዓመት የዋጠችውን ዛሬ ተናግራ፣ አፏ ውስጥ የበሰበሰ ነገር የቀረ መሰላት። የሰውየውን ስም ለአማካሪዋ አልነገረቻትም። ስለ ማንነቱ የነገረቻት እጁን ብቻ ነው። ልጅ ሆና ሒሳብ ሲያስጠናት፣ የተሳሳተችውን ቁጥር የሚያሳያት ባሳደገው የትንሽ ጣቱ ጥፍር ነበር። ከዚያ ደብተሩን ይዘጋዋል።

ቤት ስትደርስ እናቷ ምሳ አቅርባ እንግዳ ታስተናግዳለች።

«ነይ ቅመሺ። ፊትሽ ምን ሆኗል?»

«አሞኛል እማዬ። ምግብ አስጠልቶኛል።»

«እንኪ፣ በሞቴ» አለ እንግዳው ጠቅልሎ።

ጎንበስ ስትል፣ ወጥ የነካው ረጅም የትንሽ ጣት ጥፍር ከንፈሯ ሥር ደረሰ። ጉርሻ እምቢ ማለት አልለመደችምና አፏ በራሱ ተከፈተ።

«ጋሽ ውብሸት እኮ ዛሬም እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩሽ» አለች እናቷ ደስ ብሏት።

እሱ ሌላ መጠቅለል ጀምሯል። «አንድ ጉርሻ ያጣላል። ድገሚ እንጂ።»

የመጀመሪያውን ሳታኝክ ከአፏ አውጥታ በእሱ በኩል ባለው እንጀራ ላይ አስቀመጠችው።

«ያጣላን» አለች።