አንዲት ጥቁር ቦሎቄ

ናይሮቢ ሁርሊንግሃም ሰፈር ያለው የኢትዮጵያውያን እድር ደንቡን በቀላሉ አይለውጥም። አባላቱ በሙሉ ካልተስማሙ ለውጥ የለም፤ አንድ ሰው እምቢ ካለ ነገሩ እዚያው ቀረ። ድምፅ የሚሰጠው በቦሎቄ ነው። ነጩ እሺ፣ ኬንያውያን ንጃሂ የሚሉት ጥቁሩ እምቢ ማለት ነው። አባሉ በጨርቅ የተሸፈነ ማሰሮ ውስጥ እጁን ከትቶ ከተሰጡት ሁለቱ የፈለገውን ይጥላል፣ የተረፈውን ኪሱ ይከታል። ማን ምን እንደጣለ መጠየቅ ክልክል ነው።

ይህን ሁሉ ያወጡት አቶ ሐብተማርያም ናቸው። ከመሥራቾቹ በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ልጃቸው ትንሣኤ ከአባቷ ደንብ ጋር የምትጣላበት ቀን ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም።

ቀኑ መጣ። የአቶ ሐብተማርያም ልብ ደከመ፤ ሐኪሙም ትንሣኤን ለብቻዋ ጠርቶ ብዙ እንደማይቆዩ ነገራት። እድሩ ደግሞ የሚቀብረው እዚሁ ናይሮቢ፣ ላንጋታ መቃብር ነው። እናቷም እዚያ ቀርተዋል። ያኔ አስከሬናቸው አገር ቤት ይሂድልኝ ብላ ለምና ነበር። የእድሩ ገንዘብ ያዥ ጋሽ ዓለምሰገድ፣ ደንቡ አይፈቅድም ብለው መለሷት። እስከ ዛሬ ያንገበግባታል። አባቷን ግን በሰው አገር አፈር አትተዋቸውም።

«አገርህ ነው የምትገባው፣ አባባ» ስትላቸው እጇን ይዘው ይቆያሉ። የሽማግሌ ምስጋና እንዲህ ነው ብላ ወሰደችው።

ከታመሙ ወዲህ ካሳራኒ እሷ ቤት እንዲገቡላት ብትለምንም እሺ አላሉም። የእሁድ መንገዴ ይርቅብኛል ይላሉ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ይዘው ይጠፉና ጫማቸው አፈር ለብሶ ይመለሳሉ። «ሐኪሙ እግርህን አፍታታ ብሎኛል» ነው መልሳቸው። ግትር ናቸው፤ እሷም የሳቸው ልጅ ናት።

ትንሣኤ የአባላት አስከሬን ወደ አገር ቤት ይላክ የሚል ሐሳብ ይዛ ቤት ለቤት ዞረች። ማን እምቢ ይላል? ገና ሳትጨርስ እንባ የሚቀድማቸው ነበሩ። በስብሰባው ቀን ተነሥተው የተቃወሙት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ፓርክላንድስ የመኪና ዕቃ የሚሸጡት ጋሽ ዓለምሰገድ።

«መዋጮው ይጨምራል» አሉ። «ካሳራኒ ያሉት ስደተኞች ከየት አምጥተው ይከፍላሉ? ሳይከፍሉ ሲቀሩ ከአባልነት ልንሰርዛቸው ነው። ሞተን አገራችን እንግባ ብለን በሕይወት ያለውን ወንድማችንን ከደጅ ልናስወጣ?»

አዳራሹ አጉረመረመ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሙሉሸዋ፣ አዳራሹም የሳቸው ምግብ ቤት ነው፣ ማሰሮውን አዞሩ። ከዚያ ትሪ ላይ ገለበጡት። ከነጩ ክምር መሀል አንዲት ጥቁር ቦሎቄ ወጣች። የሁሉም ዓይን ወደ አንድ ወንበር ዞረ።

ትንሣኤ በር ላይ ጠበቀቻቸው።

«ጋሼ፣ እናቴ አልበቃችዎትም?»

«ያመንኩበትን በአፌ ተናገርኩ። ሰው ሁሉ ከፈለገው ግን ብዬ ነጭ ነው የጣልኩት።»

«ታዲያ ሌላ ማን ይጥላል?»

«እሱን እንኳን አላውቅም፣ ልጄ።»

አቶ ሐብተማርያም በከዘራቸው እየተደገፉ ደረሱ። «ተዪው፣ ትንሣኤ። ማን ጣለ ተብሎ አይጠየቅም።»

«አንተ ደግሞ ለሚጎዳህም ታዝናለህ!»

ከዚያ በኋላ ጋሽ ዓለምሰገድን የሚያይ ዓይን ጠፋ። ወይዘሮ ሙሉሸዋ ምግብ ቤት ሲገቡ አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ስልክ የተደወለለት መስሎ ይነሣል። ልቅሶ ቤት ሄደው እንኳ ነፍስ ይማር ሲሉ የሚመልስላቸው አጡ። አንድ ቀን በእድሩ ዋትሳፕ ላይ አጭር መልእክት ላኩ፤ «ከአባልነት ወጥቻለሁ። ደንባችሁን አጽድቁ።»

ትንሣኤ እልል ማለት ቀራት። ሮጣ ለአባቷ አነበበችላቸው። አቶ ሐብተማርያም የያዙትን ጉርሻ መልሰው ትሪው ላይ አኖሩ።

«ስንቱን ሰው አብረን ቀብረናል ከዓለምሰገድ ጋር» አሉ። የዚያን ዕለት እራት አልበሉም።

«ራሱ ነው የወጣው፣ አባባ። ማንም አላስወጣውም» አለች ትንሣኤ። እውነቷን መሰላት።

በሁለተኛው ድምፅ ቀን የአቶ ሐብተማርያም እግር አብጦ ነበር። ቤት ቅር ብትላቸውም አልሰሟትም፤ አባል ሳይቀር ካልተገኘ ድምፅ አይሰጥም የሚለውም የሳቸው ደንብ ነው። ደግፋ አስገባቻቸው። ማሰሮው ዞረ። ድምፁ ገና ሳይቆጠር ሰዉ ትንሣኤን እንኳን ደስ ያለሽ ይላት ጀመር።

ወይዘሮ ሙሉሸዋ ማሰሮውን ገለበጡ። ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ ፈሰሰ። መጨረሻ ላይ አንዲት ጥቁር ቦሎቄ ትሪውን ኳ አድርጋ ቆመች።

የጋሽ ዓለምሰገድ ወንበር ባዶውን ነበር።

«ሐሳቡ ወድቋል» አሉ ወይዘሮ ሙሉሸዋ።

ትንሣኤ ፊቷ በእፍረት ነደደ። ንጹሕ ሰው ከወገኑ አስወጥታለች። እንባዋን እየዋጠች አባቷን መኪና ውስጥ አስገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ራሷም ገብታ መሪው ላይ ተደፋች።

«ማነው?» አለች። «አባባ፣ ማነው አንተን በሰው አገር አፈር የሚያስቀርብኝ?»

አቶ ሐብተማርያም እጇን ያዙ። «ትንሣኤ፣ እናትሽን ላንጋታ ለማን ጥያት ልሂድ?»