ውሃ የሚነካው ብሎን

መካኒኩ ዐብዱኑር የጭነት መኪናውን ሞተር ክዳን የሚያስረውን የመጨረሻ ብሎን ዘይት ቀብቶ ወደ ቀዳዳው ሲያስገባ ግንባሩ በላብ ርሶ ነበር። የዚህ ብሎን ጫፍ ከሞተሩ የውሃ መንገድ ይደርሳል። የብሎኑ ጥርስ ማስቲሽ በሚባለው ማጣበቂያ ካልተደፈነ ውሃው ሾልኮ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀልና ሞተሩ በድሬዳዋ መንገድ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ይቆማል። ማስቲሹ ደግሞ እስኪደርቅ ጊዜ ይፈልጋል። ከከተማው ግንብ በር፣ ከኤረር በር አጠገብ ካለችው ጋራዥ ደጃፍ፣ በዚሁ ጭነት መኪና ላይ በተነጠፈ ፍራሽ፣ እማማ በለጡ ሆዳቸውን ይዘው ያቃስታሉ። ዛሬውኑ ድሬዳዋ ደርሰው ኦፕራሲዮን ካልሆኑ እንደማይተርፉ ሐኪሙ የመኪናው ሾፌር ለሆነው ልጃቸው ለአባይነህ ነግሮታል።

«በዘይት እሰረውና ልሂድ!» አለ አባይነህ። ዐብዱኑር መፍቻውን አነሳ።

«ዐብዱኑር ልጄ» አሉ እማማ በለጡ ቀና ብለው፣ «እዚህ የተኛችው እናትህ ነሲማ ብትሆን በዘይት ታስረው ነበር?»

ዐብዱኑር ብሎኑን ፈትቶ አወጣው።

«እናቴን ልትገድላት ነው!» ብሎ አባይነህ አንገቱን ሊያንቀው ተጠጋ።

«ተው አንተ! መንገድ ላይ ከምንቀር እዚሁ ልታመም። ይልቅ ጨርቅ አቀብለው» አሉት እናቱ።

አባይነህ ጨርቁን አቀበለው። ዐብዱኑር የብሎኑን ጥርስ በቤንዚን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ማስቲሹን ዙሪያውን ቀባና አጥብቆ አሰረው። ከዚያ ማስቲሹ እስኪደርቅ ጠበቁ። በኋላ አባይነህ መሪው ጋ ወጥቶ ሞተሩን ሲያስነሳ ዐብዱኑር የዘይት መለኪያውን አውጥቶ በጣቱ አሸው። ውሃ አልነበረበትም።

«ከመሪው ውረድ» አለው አባይነህን። «አንተ እናትህን ደግፍ፣ እኔ እነዳለሁ።»

ቢስሚላህ ብሎ ተነሳ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እማማ በለጡ በሕይወት ድሬዳዋ ገቡ።