በሙሉ ድምፅ

«እህት ፈጠነች፣ ድጋፉ አልፏል እኮ። አሁን የጠየቅኩት ተቃውሞ ነው» አሉ የቦርዱ ሊቀመንበር አቶ ቦልቴ፣ የተሳሳተች መስሏቸው።

«ሰምቻለሁ። ተቃውሞ ነው» አለች ፈጠነች። እጇን አላወረደችም።

የተሰበሰቡት ስምንተኛ ክፍል ውስጥ ነው። የትምህርት ቤቱ ቦርድ አባላት በልጆች ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል፤ የመምህሩን ወንበር የያዘው ከወረዳ የመጣው ሰው ነው። ፀሐይ የቆላው ቆርቆሮ ሙቀቱን ቁልቁል ይለቅባቸዋል።

ፈጠነች ቅቤ ነጋዴ ናት። ወላጆች መርጠው ቦርዱ ውስጥ ካስገቧት ወዲህ ለተቃውሞ እጇን አንስታ አታውቅም። እሷ ብቻ ሳትሆን ማንም። ባሕር ዛፉ ሲሸጥ፣ ዘበኛው ሲባረር፣ መዋጮ ሲጨመር፣ እጅ ሁሉ አንድ ላይ ነበር የሚወጣው። ቀድሞ በወላይትኛ ይከራከራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ አንዳንዴም ይቆጣሉ። አቶ ቦልቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው በአማርኛ «እንግዲህ ድምፅ እንስጥ» ሲሉ ግን ክርክሩ አልቋል ማለት ነው።

የዛሬው የመምህር ጦና ጉዳይ ነው። ኦሞ ዳር ወዳለ ትምህርት ቤት እንዲዛወር ወረዳው ወስኗል፤ ቦርዱ ያጽድቀው ተብሏል። ጦና የሒሳብ መምህር ነው። እሱ ከመምጣቱ በፊት ከዚህ ትምህርት ቤት ሚኒስትሪ የሚያልፍ ልጅ ብርቅ ነበር። የፈጠነች ልጅ ባርኮት ዘንድሮ ተፈታኝ ናት። ሶዶ ወርዳ ነርስ እንደምትሆን ለሰፈሩ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።

ጦና ደግሞ ግማሽ ጎኗ የማይታዘዝ እናት አለችው። አጥቧት፣ አጉርሷት፣ ወደ ፀሐይ አውጥቷት ነው ክፍል የሚገባው። ኦሞ ዳር ይዟት የሚሄድበት መንገድ የለም። ጥፋቱን አፍ አውጥቶ የሚናገር ባይኖርም የማያውቀው የለም፤ ባለፈው ምርጫ ለተቃዋሚዎች ታዛቢ ሆኖ ኮሮጆው አጠገብ ውሏል።

ጦና ራሱ እዚያው ነበር። የመምህራን ተወካይና የቦርዱ ጸሐፊ ስለሆነ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቃለ ጉባኤ ይይዛል።

«የሐሳብ ልዩነት መብት ነው» አለ የወረዳው ሰው በለሰለሰ ድምፅ። «ምክንያትዎን ይንገሩን።»

«ምን አጠፋ?» አለች ፈጠነች እጇን አውርዳ።

«አጠፋ ያለ የለም። እዚያ የመምህር እጥረት አለ።»

«እሱ ሲሄድ እዚህስ ማን ያስተምራል? እናቱንስ ማን ያነሳታል?»

«ይታሰብበታል።»

«ማን ነው የሚያስብበት?»

«ተይ ልጄ» አሏት ከጎኗ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ አቶ ሀብተጊዮርጊስ፣ ቀሚሷን ጎተት አድርገው።

የወረዳው ሰው ፈገግ አለ። «ቦርዱ አንድ አቋም ይዞ ቢወጣ ለሁሉም ይሻላል። ለመምህሩም ጭምር። እስቲ እንደገና ድምፅ ስጡበት።»

ፈጠነች ቀድሞ ድምፅ ሲሰጥ ዓይኗን ሰሌዳው ላይ ተክላ ስለነበር ማን እንደደገፈ አላየችም። አሁን እያንዳንዱን ፊት ለፊት ለማየት ቆረጠች። ዓይን ለዓይን ከተያየን ያፍራሉ፣ ቢያንስ አንዱ እጁን ይመልሳል ብላ አሰበች።

«የምትደግፉ?» አሉ አቶ ቦልቴ።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ወለል ወለሉን እያዩ እጃቸውን አወጡ። ርዕሰ መምህሩ ወደ ጣሪያው እያየ አወጣ። የሴቶች ማኅበር ተወካይዋም፣ የወጣቶቹም ተወካይ አወጡ። ዓይኗ ዞሮ ዞሮ ጥጉ ላይ ደረሰ።

የጦናም እጅ ተነስቷል። ብዕሩን በጣቶቹ መሃል እንደያዘ።

«ጦና!» አለች።

ቀና ብሎ አያት። በወላይትኛ፣ ዝግ ባለ ድምፅ «እህቴ፣ እጅሽን አንሺ» አላት። «ራሴ ተስማምቼ ቦርዱም በአንድ ድምፅ ካጸደቀው ዝውውር ይሆናል፣ ካልሆነ ስንብት ነው ብለውኛል። ከሥራ ከወጣሁ እናቴን በምን አኖራታለሁ? ዘመድ ጋ አስጠግቻት እሄዳለሁ። አንሺው በቃ።»

የወረዳው ሰው የሚባለው እንዳልገባው ሁሉ ሰዓቱን ያያል። የተወለደው ግን ከዚያው ጋራ ማዶ ነው፤ ፈጠነች እናቱንም ታውቃቸዋለች፣ ቅቤ ሸጣላቸዋለች።

የሁሉም እጅ እንደተሰቀለ ነው። እሷን እየጠበቁ ነው። ወጣቱ ተወካይ ክንዱ ዝሎ በሌላኛው እጁ ደገፈው።

አነሳች።

«በሙሉ ድምፅ» አሉ አቶ ቦልቴ በረጅሙ ተንፍሰው። ጦና ጎንበስ ብሎ ጻፈ።

ቀጣዩ ጉዳይ የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነበር። ሌላ መምህር እስኪመጣ ድረስ ልጆቹ በዚያ ሰዓት ጋራው ላይ የችግኝ ጉድጓድ ይቆፍሩ ሲል ርዕሰ መምህሩ ሐሳብ አቀረበ። መምህሩ መቼ ይመጣል ብሎ የጠየቀ የለም። የወረዳው ሰው ጥሩ ሐሳብ ነው አለ፤ አቶ ቦልቴም ወደ አማርኛቸው ዞሩ።

ፈጠነች ዶማ የያዘች ባርኮት ታየቻት።

«እንግዲህ ይህንንም የምትደ...» ብለው አቶ ቦልቴ ሳይጨርሱ የፈጠነች እጅ ለድጋፍ ወጥቶ ነበር፤ ከሁሉም ቀድሞ።