የቀረው እፍኝ

የቀረው እፍኝ የማን ነበር? ልጅቷ ያን ከሰዓት ወጥ ቤት ቆማ ልትመልሰው አልቻለችም።

እናቷ የጓሮውን ፎሶሊያ በፈላ ውሃ ለአፍታ ነክራ፣ በበረዶ ውሃ አቀዝቅዛ፣ በፎጣ አድርቃ ለብርዱ ወራት በፌስታል ትቋጥራለች። ልማዷ በየቋጠሮው ለእያንዳንዱ የቤት ሰው አንድ እፍኝ መጨመር ነው። አባት በሞቱበት ዓመት፣ ገና ደህና ሳሉ፣ የእሳቸውን እፍኝ አስቀርታ ነበር። ልጅቷ ከሩቅ አገር ተምራ ስትመለስ «አጋጣሚ ነው» ብላ ስቃበታለች፤ ሳቋን ግን ራሷም አታምነውም።

አሁን በቤቱ ሦስት ናቸው፤ እናት፣ እሷና ሹፌሩ ወንድሟ። እናት ግን በየቋጠሮው የጨመረችው ሁለት ሁለት እፍኝ ብቻ ነው።

«እማዬ፣ አንድ ሰው ረሳሽ።»

«በእርጅናዬ አትቀልጂ። እጄ ረስቶ አያውቅም።»

ልጅቷ አንዱን ቋጠሮ ፈትታ አንድ እፍኝ ጨመረችበት። እናት ሳትቆጣ መልሳ አፈሰሰችው።

«ለማይበላ ሰው ፍሪዘር አታጣብቢ።»

«የቀረው የኔ ነው?»

እናት ሳቀች። «ያንቺማ ይኸው። ድሮም አበላልሽ የወፍ ነው፣ አነስ አድርጌልሻለሁ።»

ልጅቷ እፎይ አለች፤ ሐፍረቱ ዘግይቶ መጣ። ከዚያ ስልኳን አንስታ፣ ጠዋት መኪና ይዞ ለወጣው ወንድሟ «የትም ብትሆን አቁምና ደውልልኝ» ብላ ላከችለት። ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል ጠበቀች።

እናት የመጨረሻውን ቋጠሮ አስገብታ ፍሪዘሩን ዘጋች።

«ተይው ልጄ» አለች፣ እጇን በፎጣው እየጠረገች። «አይመልስም።»